ይሰጣጣሉ ብላለች

መምህር ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደገባሁ አላውቅም። አንዱን ግን ከነሙቀቱ አስታውሰዋለሁ። አዋሽ ሰባት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፣ ባዮሎጂ።

አዋሽ የመጣሁት ተመድቤ ነው። እንደ እኔ በብርድ አገር ላደገ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቅጣት ናቸው። ጠመኔው በላቤ እየራሰ ሰሌዳው ላይ አልጽፍ ይለኛል። መስኮት ስንከፍት ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት የከባድ መኪናዎች ጩኸትና አቧራ ይገባል፤ ስንዘጋ እንታፈናለን። ስለዚህ መስኮቱን ከፍቼ፣ በመኪናው ጩኸት ላይ እየጮህኩ ነበር የማስተምረው። ሲቆይ ጩኸቱ ጠባዬ ሆነ። ተማሪዎቹ «ቁጡዋ ቲቸር» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፤ ቁጡ መሆን ጎበዝ መሆን ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ ሴል ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩ በኋላ በአማርኛ አስረዳለሁ። አንድ ትልቅ ሴል ሣልኩና በውስጡ ባቄላ የሚመስሉ ትንንሽ ነገሮች በተንኩበት።

«እነዚህ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ሴሉ ያገኘውን ምግብ ወደ ጉልበት የሚቀይሩለት እነሱ ናቸው። እነሱ ከተበላሹ ሴሉ ጉልበት ያጣል፤ ጉልበት ያጣ ሴል ይሞታል» አልኳቸው።

በመስኮቱ በኩል ከሚቀመጡት አንዷ እጇን አወጣች። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እናቷ በዋናው መንገድ ዳር ለሹፌሮች ምግብ ቤት አላት፤ አባቷ ከምግብ ቤቱ ጎን ጎሚስታ ነበር፣ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ልጅቷ መካከለኛ ተማሪ ናት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ጥያቄ ግን እምብዛም አትጠይቅም።

«ቲቸር፣ አንዱ ሴል ማይቶኮንድሪያው ቢበላሽበት፣ አጠገቡ ያለው ደህና ሴል ከራሱ ሊሰጠው አይችልም?»

«አይችልም» አልኳት።

«ግን እኮ ተጣብቀው ነው ያሉት። እርስዎ እንደሣሉት ከሆነ…»

ደክሞኝ ነበር። ከመጽሐፉ የቀሩኝ ገጾች ብዙ ነበሩ። «ስሚ፣ ሴል እንደ እናንተ ሰፈር ሰው በአጥር ላይ በርበሬ አይቀባበልም። እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ቁጭ በይ» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ስቄያለሁ። ልጅቷ ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠችና ቀሪውን ሰዓት ዴስኩን ስታይ ዋለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ ማይቶኮንድሪያው የተጎዳ ሴል ምን ይሆናል የሚል ነበር። እሷ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ጎረቤቱ ካልሰጠው ይሞታል» ብላ መልሳለች። እልኸኛ፣ አልኩ በልቤ። በቀይ ሰረዝኩትና ዳር ላይ «ይህ በመጽሐፉ የለም» ብዬ ጻፍኩበት።

ክረምት ሲመጣ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። በመስከረም ስመለስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የልጅቷ አባት መሞቱን ነገረኝ። «ምን አግኝቶት?» አልኩት። «ልቡን ነበር የሚያመው፤ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ነው የከረመው» አለኝ። ለቅሶ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው የደረስኩት። እናትየው ስለ መምጣቴ አመሰገነችኝ፤ ልጅቷ በትሪ ውኃ አምጥታ አቀረበችልኝ፣ ቀናም አላለች። ውኃውን ጠጥቼ፣ አላህ ያጥናችሁ ብዬ ወጣሁ።

የልብ ሕመም። ጥያቄው። ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም። መምህር ነኝ፣ ሥራዬ ነገርን ከነገር ማገናኘት ነው፤ አላገናኘኋቸውም።

ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም። እኔም አግብቼ ወደ ሰመራ ሄድኩ።

ባለቤቴ የአርሲ ሰው ነው። ገላፊ፣ ከጅቡቲ ድንበር ላይ፣ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር። ሳምንቱን እዚያ ይከርምና ቅዳሜ ሰመራ ይመጣል። ልጅ አልሰጠንም። ቅዳሜና እሑድን በወሬ ነበር የምናሳልፈው። ወሬ ሲወድ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። የትኛውንም ነገር ስነግረው መሃሉ ላይ ከጀመርኩ እጁን ያነሣል፤ «ከመጀመሪያው» ይላል። ሰውየው የት ቆሞ ነበር? ምን ለብሷል? ያኔ አንቺ ምን አልሽ? እኔ አንድ ጊዜ የማልፈውን ነገር እሱ ሦስት ጊዜ ያስተርከኛል። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር። አሁን ማንም አያስተርከኝም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ገላፊ፣ ሰልፍ በያዙት መኪናዎች መካከል ወረቀት ይዞ ሲሄድ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደቀ። ተራውን ሲጠብቅ የነበረ አንድ የማያውቀው ሹፌር ከሰው ፒካፕ ለምኖ፣ ራሱ እየነዳ ዱብቲ ሆስፒታል አደረሰው። መንገዱ ብዙ ሰዓት ፈጀ። እኔ ከሰመራ በሚኒባስ ስደርስ አልጋ ላይ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ግን አወቀኝ።

«ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ» አለኝ፣ ሊያስቀኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል። ኮሪደር ላይ አቁሞ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ነገሩን እንዳያቀልብኝ ብዬ «ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያውስ ይገባዎታል» አለ። «ከልቡ ጡንቻ አንዱ ክፍል ረጅም ሰዓት ደም አጥቶ ነው የቆየው። እንደዚያ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ማይቶኮንድሪያው ነው። ደሙ ሲመለስም ጉዳቱ ወዲያው አይቆምም፤ እንዲያውም ደሙ ሲመለስ የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ። የሞተው ሞቷል። በሞተውና በደህናው መካከል ግን የተጎዳ፣ ገና ያልሞተ ክፍል አለ። አሁን የምንጠብቀው እሱን ነው። በዙሪያው ያሉት ሴሎችም የቻሉትን ያህል ያግዙታል።»

«እንዴት አድርገው ያግዙታል?»

«በብዙ መንገድ። ማይቶኮንድሪያቸውንም ይሰጡታል።»

ያፌዘብኝ መሰለኝ። «ሴል ለሴል ማይቶኮንድሪያ አይሰጥም» አልኩት፣ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስል።

አላፌዘም። በትሕትና አየኝ። «እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተማርነው። አሁን ግን ታይቷል። አንዱ ሴል ሲጎዳ ጎረቤቱ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ቱቦ ይደርስለታል፤ ወይም ጠቅልሎ ወደ ውጭ ይለቅለታል፣ የተጎዳው ይቀበለዋል። ልብ ውስጥም፣ አንጎል ውስጥም አይተውታል። ከሰውየው ከራሱ ደህና ጡንቻ ማይቶኮንድሪያ አውጥቶ ለተጎዳው ልብ መስጠትም በሩቅ አገር በጥቂት ሕፃናት ላይ ተሞክሯል።» ከዚያ ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይቶ ነው መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገና ሙከራ ነው። እኛ ጋ የሚደርስ ነገር አይደለም። ተስፋ እንዲያደርጉበት ብዬ አይደለም የነገርኩዎት።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሐኪሙ ባሌን እያሰብኩ መስሎት ወንበር ፈለገልኝ። እኔ ግን ያየሁት ሻርፗን እያስተካከለች የምትቀመጥ ልጅ ነበር። ያኔ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በዱብቲ ኮሪደር ላይ ነገሩ ተገጣጠመልኝ። አባቷ ልቡን ታሞ ቤት ተኝቶ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ሰሌዳው ሥዕል አልነበረም።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጣ፤ ወደ ገላፊ ግን አልተመለሰም። ከአልጋው እስከ ግቢው በር ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሙቀቱ ስለማያስችል ፍራሹን ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥላ በሚጥልበት በኩል አወጣሁለት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ስንት ጊዜ እየሞከርኩ፣ ስለ ማይቶኮንድሪያ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሐኪሙ ያለው ሁሉ እውነት ነው። አብዛኛው በአይጥና በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የታየ ነው፤ ለታማሚ ሰው መድኃኒት ለመሆን ብዙ ይቀረዋል። ሴሎቹ ግን በራሳቸው ጊዜ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ያደርጉታል።

«ምንድነው እንዲህ የምታነቢው?» አለኝ አንድ ቀን።

ነገርኩት። እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። በርበሬው ጋ ስደርስ አልሳቀም።

«እና ነገርሻት?» አለኝ።

«ማንን?»

«ልጅቷን።»

«ስንት ዓመት ሆኖታል እኮ! ረስታዋለች።»

«አንቺ መች ረሳሽው?»

«ስልኳን አፈላልጌ እደውልላታለሁ።»

«በአርባ ልጅ ፊት አስቀሽባታል። ስልክ አይሆንም፤ ሂጂና ንገሪያት።»

አልሄድኩም። እሱን ጥሎ መሄድ አቃተኝ። እሱም በየሳምንቱ «ሄድሽ?» ይለኛል፣ ያልሄድኩ መሆኔን እያየ። መጨረሻ ላይ ጎረቤታችን ፈታችው፤ በየጠዋቱ የፍየል ወተት የምታመጣለት የአፋር እናት ናት። አማርኛዋ አጭር ነው። «አንቺ ሂጂ። እኔ አለሁ። ወንድሜ ነው» አለችና ፍራሹ አጠገብ ምንጣፏን ዘርግታ ተቀመጠች።

ጠዋት በአውቶቡስ ተነሣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ ገዋኔ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ስለ ጥናቶቹ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ይቅርታው ቅደም ተከተል አወጣሁ። አዋሽ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ።

ምግብ ቤቱ ሰፍቷል። የጎሚስታው ቤት ፈርሶ በቦታው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። እኔ ሳልለያት እሷ ለየችኝ። «ቲቸር!» ብላ ከባንኮኒው ጀርባ እየሮጠች መጣችና ደጋግማ ሳመችኝ። ሕፃን አዝላለች። ፊቷ ሞልቷል፣ እጆቿ የእናቷን እጆች ሆነዋል። ካልበሉ ምንም አልሰማም ብላ ምግብ አስቀረበችልኝ፤ አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ያኔ ፊቷ ተለወጠ። «ምን ሆነዋል?» ብላ ወደ ጓሮ፣ አንድ ኒም ዛፍ ሥር ወሰደችኝ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሽ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር። ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እዚያ ያለውን ጠረጴዛ በጨርቅ ስትጠርግ ነበር፤ እጇ ቆመ። «የሴሉን ነው?» አለች።

«ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ፣ ቲቸር?»

ሐኪሙ የነገረኝን፣ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያን ያህል ልጅ እንዲስቅብሽ ማድረግ አልነበረብኝም» አልኩ።

«ሳቁን ረስቼዋለሁ። ልጆች ሁልጊዜ ይስቃሉ» አለች። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛችው። «ጥያቄው እኮ የኔ አልነበረም» አለች።

«የማን ነው?»

«የአባዬ ነው።»

ሐኪም ቤት ይዘውት ሄደው፣ ከልብህ አንዱ ወገን ተጎድቷል፣ ሌላው ግን ደህና ነው ተብሎ ነበር የተመለሰው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲጠግን የኖረ ነው። ቤት ተኝቶ ሲያስብ ሲያስብ አንድ ቀን ልጁን ጠራት። «ጎማ ሲቀደድ ከሌላ ጎማ ቆርጠን እንለጥፍበታለን። የኔ ልብ ግማሹ ደህና ነው ካሉ፣ ደህናው ለተጎዳው ለምን አያካፍለውም? አንቺ ትማሪው የለ፣ አስተማሪሽን ጠይቂልኝ» አላት። እሷም ሴል እስክንደርስ ጠበቀች። ማይቶኮንድሪያ ስንደርስ፣ አባቷ የሚለው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም ብላ እጇን አወጣች።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ይጠብቀኝ ነበር» አለችኝ። «‹ጠየቅሻት?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። ‹ምን አለች?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«‹ይሰጣጣሉ ብላለች› አልኩት።»

ከውስጥ የሹፌሮቹ ሳቅ ይሰማል።

«ከዚያ በኋላ ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ሁሉ ይኸንኑ ነበር የሚያወራው። ‹የልጄ አስተማሪ ይሰጣጣሉ ብላለች› ይላል። ጎማ ሊያሠሩ የመጡት ሹፌሮች ሳይቀሩ ሰምተዋል። እጁን እዚህ አድርጎ» ደረቷን ያዘች፣ «‹ስጡት እንጂ፣ አትሰስቱበት› ይላቸዋል። እናቴ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል። እኔ ተነሥቼ እወጣለሁ። ፈተናው ሲመለስ እርስዎ በቀይ የጻፉበትን እንዳያየው ፍራሽ ሥር ደበቅሁት። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ እንዳመነ ነው። እኔ ግን አባቴን ዋሽቼ ነው የሸኘሁት። ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ ዱዓ ባደረግሁ ቁጥር፣ አላህን የምለምነው ይህን ውሸት ይቅር እንዲለኝ ነው።»

«ውሸት አልነበረም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይማሉልኝ።»

«እግዚአብሔርን። እውነት ነው፣ ይሰጣጣሉ።»

አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ለዚህች ልጅ ግማሽ ነገር መናገር አልፈለግሁም። «ስሚኝ» አልኩ። «በአባትሽ ልብ ውስጥ የሆነውን ማንም አላየም። ሴሎች እንደዚያ እንደሚያደርጉ ግን ታይቷል። ሁልጊዜ አይበቃም። ጉዳቱ ሲበዛ የሚሰጠውም ያልቅበታል።»

«እንዳልበቃማ አውቃለሁ፣ ቀብሬዋለሁ እኮ» አለች። ከዚያ በለቅሶ ፈነዳች። ሕፃኑ ነቅቶ ያያት ጀመር። አቀፍኳት።

እናትየው ጉልበቷን ስለሚያማት ከጓሮው ጋር በተያያዘች ክፍል ውስጥ ነው የምትውለው። ድምፅ ሰምታ ኖሮ «ማነው የመጣው?» ስትል ተጣራች።

ልጅቷ ፊቷን ጠርጋ «ቲቸር ናት፣ እማ። የባዮሎጂዋ» አለች።

«ያቺ ይሰጣጣሉ ያለችው? ወላሂ? አስገቢያት!»

ገባሁ። ሴትየዋ አልጋው ላይ እንደ ተቀመጠች ሁለት እጆቼን ያዘች። «አንቺ ልጄ፣ በየሶላቴ አስብሻለሁ። ያን ሰው በተስፋ ያከረምሽልኝ አንቺ ነሽ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲያስቆርጡት አንዲት ቃልሽ ነበረች የምታስተኛው። አላህ ከክፉ ይሰውርሽ። ትዳርሽን ይባርክልሽ። ባልሽን ያኑርልሽ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አይንገሯት ማለቷ ነው። አልነገርኩም። ዓመታት ሙሉ ባልተናገርኩት ቃል ስመረቅ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ቁጭ ብዬ፣ እጄን ዘርግቼ «አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ። «ባልሽን ያኑርልሽ» ስትል ግን በአሜን ፈንታ እጇን ሳምኩ።

በማግሥቱ ሰመራ ስገባ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ጎረቤቴ ምንጣፏን አጥፋ ወጣች። ጫማዬን ሳላወልቅ «ከመጀመሪያው» አለኝ። ነገርኩት፤ የፈረሰውን የጎሚስታ ቤት፣ የኒሙን ዛፍ፣ ፍራሽ ሥር የተደበቀውን ወረቀት። ሰውየው ሴሎቹን «አትሰስቱበት» ይላቸው እንደነበር ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

«ከዚህ ሰው ጋር ብንተዋወቅ እንዋደድ ነበር» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «የኔስ?» አለኝ።

«የአንተ ምን?»

«የኔዎቹስ ይሰጣጣሉ?»

«ይሰጣጣሉ» አልኩት።

«ይበቃል?»

አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ በር ላይ ቆማ ለአባቷ የመለሰችው ትዝ አለኝ። «ይበቃል» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። «እየሞከሩ ነው» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲያቆም «አንቺ መዋሸት አትችይበትም» አለኝ። «እንግዲህ አሁን ደግሞ አትልመጂ።» ስለዚህ ነገር ከዚያ በኋላ አላወራንም። ሌላ ወሬ ግን ብዙ አወራን። የልጅነቱን፣ አርሲ ላይ ውርጭ የመታውን ገብስ፣ አባቱ የገረፉትን ቀን፤ እኔም በተራዬ «ከመጀመሪያው» እለው ነበር።

የሞተው ሙቀቱ በጠናበት ወር ነው። ጠዋት ነበር። ትምህርት ቤት ልሄድ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። «ውኃ ስጪኝና ሂጂ» አለኝ። ከማሰሮው ቀድቼ ስመለስ ራሱን ወደ ግድግዳው አዘንብሏል። መጀመሪያ የተኛ መሰለኝ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ ጠራሁት፣ ደግሜ ጠራሁት። ከዚያ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል እየሮጠች ስትመጣ ብቻ ነው የማስታውሰው። ጮኼ ነበር ማለት ነው።

ወንድሞቹ አገሩ ካልተቀበረ አሉ። እኔም የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። ሬሳውን የያዘው መኪና ከፊት፣ እኛ በሚኒባስ ከኋላ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጓዝን። ለልጅቷ ደውዬ ነግሬያት ስለነበር አዋሽ ስንደርስ መንገድ ዳር ጥቁር ለብሳ ቆማ አየኋት። ለለቅሶተኛው የሚሆን ውኃና ዳቦ በሁለት ትልልቅ ፌስታል ይዛለች። አቅፋኝ አልቅሳ፣ እግዜር ያጥናዎት ብላ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ኖሮ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች፤ አጠገቤ የነበሩትን ሴት አስነሥታ ተቀመጠች።

«ሩቅ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

አዳማን አልፈን ወደ አርሲ መውጣት ስንጀምር ብርዱ ያዛት። እሷ አዋሽ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እንደዚያ ያለ ብርድ አታውቅም። ሹራብ አልያዘችም። ነጠላዬን ከፍለን ለብሰን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ፣ ጥድ ሥር ቆመች። ፍትሐቱ ረጅም ነበር። ዞር ባልኩ ቁጥር እዚያው ናት፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ። ሦስት ቀን ከባሌ እኅቶች ጋር ዕቃ ስታጥብ፣ ለቅሶተኛ ስታስተናግድ ቆየች። ማን ናት ብለው ሲጠይቁኝ «ተማሪዬ ነበረች» እላለሁ።

ስንመለስ አዋሽ ላይ ወረደች። በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘችና «ቲቸር፣ ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚገቡት?» አለችኝ።

«እንጃ። ገና አላሰብኩትም።»

«ሰኞ ይግቡ። ቤት አይቀመጡ» አለችኝ። መኪናው ሲነሣ እየሄደች እጄን እንደያዘች ነበር፣ ከዚያ ለቀቀችኝ።

ሰመራ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። ጎረቤቴ ግቢውን ጠርጋ፣ ብርጭቆውን አጥባ አስቀምጣለች። ፍራሹን ግን አልነካችውም፤ አቧራ እንዳይገባው በሻሽ ሸፍናዋለች። ብቻዬን ወደ ቤት ላስገባው ሞከርኩ፤ ከበደኝ። እሷ መጣችና አንዱን ወገን ያዘችልኝ። አስገብተን ግድግዳው ላይ አቆምነው። ሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ለበስኩ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።